ቧንቧ ሁለት ግድግዳ አለው

ማይክሮን ስታስብ ግራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሌላ ምስጢር የለውም። የማይክሮሜትርን ጥቃቅን መስመሮች በሁለት ዓይን ያየ ሰው ሁለት ልክ ያነባል፤ በአንድ ዓይን ያየ አንድ ልክ ያነባል። ሃያ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ደግሞ ልማዱን ከቱታው ጋር አውልቆ ሰቅሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። የመድኃኒት ወረቀት ስታነብ ትጨፍናለች። መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ ትጨፍናለች። ልጇ ሕፃን ሳለች እናቷ የምትጠቅሳት እየመሰላት በሳቅ ትንከተከት ነበር።

ስሙን ያወጣንላት እኛው የወርክሾፑ ሰዎች ነን። ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ሌላው «ይሄማ ደህና ነው፣ ይሂድ» ያለውን ዕቃ እሷ መልሳ ቶርኖው ላይ ታስረዋለች። ልክ ያልሆነ ዕቃ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ደንበኛ ይህን ይወድላታል፤ አለቃ ግን ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል።

ሁለተኛው ልማዷ ከንፈሯ ላይ ነው። እኛ ወርክሾፕ ውስጥ ድምፅ ዋጋ የለውም። የብረት መጭመቂያው ማሽን ሲያርፍ ወለሉ ይዘላል፤ ጎንህ የቆመው ሰው ጆሮህ ሥር ገብቶ ቢጮህ እንኳ የምትሰማው ትንፋሹን ነው። ስለዚህ የምናወራው በከንፈር ነው። አፍን ከፈት አድርጎ ቃሉን ያለ ድምፅ መቅረጽ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ አይጠይቅም። ሐሜቱም፣ ስድቡም፣ «መፍቻውን አቀብለኝ» የሚለውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የዚህ ቋንቋ ሊቅ ክሬን ነጂው ነው። አሥራ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ በተሰቀለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሁላችንንም አፍ ያነባል። «ላይኛው» እንለዋለን። አዲስ ሰው አለቃውን በከንፈሩ ሙልጭ አድርጎ ሲሰድብ «ኧረ ዝም በል፣ ላይኛው ያይሃል» ካልነው፣ የሃይማኖት ምክር የሰጠነው መስሎት ይደነግጣል።

ማይክሮንም ስትደምርና ስታባዛ ከንፈሯ ይሠራል። ድምፅ የለም፤ ቁጥሩ ግን አፏ ላይ ይታያል።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው «ተጠርጣሪ» ያላት ይህቺን ሴት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዲግሪ ነው። በእኛ ቤት ንድፍ የሚነድፈው ባለዲግሪ፣ የሚቀርጸው እኛ ነን። ንድፉ ሲሳሳት ማይክሮን በቀይ እርሳስ አክብባ ትመልሰዋለች፤ ኢንጂነሩ አስተካክሎ ሲልከው ከታች የራሱን ስም ይጽፋል። የወርክሾፑ ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ ቦታው ለማን እንደሚገባ የማያውቅ አልነበረም። ከቢሮ የመጣው ወረቀት ግን «የመጀመሪያ ዲግሪ ግዴታ ነው» ይላል። ፋብሪካው በማታው ክፍል ምሕንድስና ለሚማር ሠራተኛ ይከፍላል፤ ግን አርባ ዓመት ላልሞላው ብቻ። ማይክሮን አርባ ሊሞላት ሦስት ወር ቀርቷት ነበር። ወይ ዘንድሮ ትገባለች፣ ወይ ባሏ እንደሚለው እየተሳሳተ የሚያድግ ሁሉ አለቃዋ እየሆነ ይቀጥላል።

ቀደም ባለው ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። አንድ አዳራሽ ሄዶ መቀመጥ፣ ወረቀት መቀበል፣ መጻፍ፣ መውጣት ነው። ያን ቀላል ነገር ያጠፉት የዲጂታል ምዝገባ ዳይሬክተር የሚባሉት ሰውዬ ናቸው። መድረክ ላይ ወጥተው «ከዛሬ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲያችን በር የለውም፤ ሁሉም ባለበት ሆኖ ይገባል» አሉና ተጨበጨበላቸው። በእኛ ሙያ በር የሌለው ነገር ግድግዳ ይባላል። ያጨበጨበው ሰው ይህን ለማሰብ ጊዜ ያገኘ አይመስለኝም።

ሰውዬውን ሞኝ አልላቸውም። ሞኝ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ሞኝ ይጠይቃል።

ፈተናው እቤት ሆኖ በኮምፒውተር ነው። የኮምፒውተሩ ካሜራ ተፈታኙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየዋል፤ አንድ ፕሮግራም ደግሞ ፊቱን እየመረመረ ይኮርጅ አይኮርጅ ይፈርዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ክፍል ተዘርዝሯል፦ ጸጥ ያለ፣ ነጭ ግድግዳ ያለው፣ ብርሃኑ ከፊት የሚመጣ፣ ከተፈታኙ በቀር ሰው የማይገባበት። ዝርዝሩን የጻፈው ሰው የራሱን ቤት አይቶ እንደጻፈው ያስታውቃል።

የማይክሮን ቤት ሁለት ክፍል ነው። አንዱ ውስጥ ሌሊት ዘብ የሚያድረው ባሏ ቀን ቀን ይተኛል። ሌላው ውስጥ አማቷ ከሬዲዮው ጋር ይከራከራሉ፤ ልጇ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ታጠናለች። ማይክሮን ከሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ላፕቶፕ ተውሳ፣ የፈተናውን የሙከራ ገጽ ከፍታ ፊቷን ለካሜራው ሰጠች።

«ለማን ነው እንዲህ ተገትረሽ ፊትሽን የምታሳዪው?» አሉ አማቷ።

«ለማሽን ነው፣ እማማ።»

«ምን አድርጊ ይልሻል?»

«ብቻሽን ሁኚ ነው የሚለኝ።»

«በስንት ዘመን አንዴ እንኳ ብቻሽን ሆነሽ ታውቂያለሽ? እሱ ያውቅሻል እንዴ?»

ገጹ ቀላ። «ሁለተኛ ሰው ታይቷል» ይላል። ማይክሮን ዞራ አየች። አማቷ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ከካሜራው ውጭ። ልጇም ውጭ ናት። ከኋላዋ ያለው ምስማር ላይ የተሰቀለው የባሏ የዘበኝነት ካፖርት ብቻ ነው።

«ካፖርቱን ነው ሰው ያለው» አለች ልጅቷ፣ አፏን ይዛ እየሳቀች።

አማቲቱ አልሳቁም። «ካፖርቱን ሰው ካለው፣ ሰውን ምን ሊለው ነው?» አሉ።

ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ከተባለው ሁሉ ብልህ ቃል ይኸው ነው፤ የተናገሩት ደግሞ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሴት ናቸው።

ማይክሮን እቤቷ እንደማይሆን ሲገባት የወርክሾፑን የመሣሪያ ክፍል አስፈቀደች። እሑድ ማሽን አይነሳም። መደርደሪያውን በነጭ አንሶላ ሸፈነች። ጠረጴዛውን በውኃ ልክ አስተካከለች፤ ማን ጠየቃት? ማንም፤ ዘንበል ያለ ነገር ላይ መሥራት ስለማትችል ነው። የካሜራውን ከፍታ ከዓይኗ ጋር ለካችው። መብራቱን ከፊት ሰቀለችው። በሯን ከውስጥ ዘጋች። እውነቱን ለመናገር፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲህ ያለ ክፍል የለውም።

አርባ ጥያቄ ነበር፤ ስልሳ ደቂቃ ተሰጥቷል። በአርባ አንድ ደቂቃ ጨረሰች። ሠላሳ ዘጠኙን መለሰች፣ አንዱን አውቃ ባዶ ተወችው። «አስረክብ» የሚለውን ስትጫን ገጹ እንደገና ቀላ።

ደብዳቤው በማግሥቱ ስልኳ ላይ መጣ። «ተጠርጣሪ፤ የጥርጣሬ መጠን 91 በመቶ» ይላል። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፦ አንድ ዓይንን በተደጋጋሚ በመጨፈን ምልክት መስጠት፣ ከንፈርን በማንቀሳቀስ ከሌላ ሰው ጋር መነጋገር፣ ወደ ላይ ማየት። ቅጣቱ ውጤት መሰረዝና የሦስት ዓመት እገዳ ነው። ለማይክሮን ሦስት ዓመትም፣ ሠላሳ ዓመትም፣ ሦስት ወር ከአንድ ቀንም አንድ ነው።

ይግባኝ በአምስት ቀን ውስጥ ይቻላል፤ በኦንላይን ነው። ቅጹን ከፈተች። «የይግባኝዎን ምክንያት ይምረጡ» የሚለው ሥር አራት ምርጫ አለ፦ መብራት ተቋርጦብኝ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦብኝ፣ ታምሜ፣ ጥፋቴን አምኜ ይቅርታ ለመጠየቅ። «አልኮረጅኩም» የሚል የለም። ከአራቱ አንዱን ሳይመርጡ ደግሞ ቅጹ አይሄድም። ይህን ቅጽ አንድ ሰው ተቀምጦ ሠርቶታል፤ አንድ አለቃ አይቶ አጽድቆታል፤ ለሁለቱም ደመወዝ ተከፍሏቸዋል።

«ታምሜ በይና ላኪው» አላት ባሏ።

«ምን ታምሜ?»

«ዓይኔን በያ። አንድ ዓይን ነው የጨፈንኩት በይ።»

«ዓይኔ ከአንተም ከዳይሬክተሩም ይሻላል። ያላመመኝን አመመኝ ብዬ የምገባበት ትምህርት ቤት ምን ሊያስተምረኝ ነው?»

በሁለተኛው ቀን ፈቃድ ወስዳ ሄደች። ዩኒቨርሲቲው «በር የለውም» ቢባልም በር አለው፤ መኪና ሲመጣ ራሱ የሚነሳ ዘመናዊ ማገጃ ተገጥሞለታል። ዘበኛው በገመድ እየጎተተ ያነሳዋል።

«ይግባኝ በኦንላይን ነው፣ እህቴ» አላት ዘበኛው።

«ኦንላይኑ የት ነው ያለው? ቢሮውን አሳየኝና ልሂድ።»

«ቢሮ የለውም።»

«ታዲያ ፊርማ የፈረመብኝ ማነው?» ስልኳን አውጥታ አሳየችው። ከደብዳቤው ግርጌ የዳይሬክተሩ ፊርማና የቢሮ ቁጥር አለ፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሃያ አራት።

ዘበኛው ፊርማውን አየ፣ እሷን አየ፣ ገመዱን ጎተተላት። «እኔ አላየሁሽም» አለ።

«ችግር የለም። ማሽኑ ያየኛል።»

ሃያ አራት ቁጥር ደጃፍ ላይ ሦስት ሰዓት ቆመች። በመጨረሻ የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ወጥታ ደንቡን አገላብጣ አንድ አንቀጽ አገኘችላት፤ ከድሮው ደንብ ሳይሰረዝ የቀረ ነው። ተከሳሽ ፊት ለፊት የመሰማትና አንድ ምስክር የማቅረብ መብት አለው ይላል። ዳይሬክተሩ አንቀጹ መኖሩን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም፤ ግን የራሳቸው ፊርማ ያለበት ደንብ ነው። ሐሙስ አራት ሰዓት ተባለ።

ምስክር ተብሎ የሄደው ላይኛው ነው። በሕይወቱ መሬት ላይ ቆሞ ከባለሥልጣን ጋር ያወራ ሰው አይደለም። ሸሚዙን ተኩሶ፣ የሚስቱን ሽቶ ተቀብቶ መጣ።

«ጋሼ፣ አደራ፣ ያየኸውን ብቻ ተናገር» አለችው።

«ያላየሁትን ተናግሬ አውቃለሁ? ክሬን ነጂ ያላየውን ካነሳ ሰው ይሞታል።»

ቢሮው መስታወት በመስታወት ነው። ከዳይሬክተሩ ክፍል ጋር የሚዋሰነው የስብሰባ ክፍልም ግድግዳው መስታወት ነው፤ ግልጽነትን ያሳያል ተብሎ የተሠራ ነው አሉ። ዳይሬክተሩ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የፈተናውን የሒሳብ ክፍል ያወጡት መምህር አሉ፤ ቀጠን ያሉ፣ ብዕር ከእጃቸው የማይለይ ሰው። ጸሐፊዋ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች።

ዳይሬክተሩ ኮምፒውተራቸውን አዞሩላት። ማይክሮን በአንሶላው ፊት ተቀምጣ፣ ግራ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ይታያል። ድምፅ የለውም።

«ድምፁስ?» አለች።

«ምስል ብቻ ነው የምናስቀምጠው። ድምፅ ቦታ ይይዛል» አሉ። «ይልቅ ንገሪን፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» እሷ «እርስዎ» እያለች እሳቸው «አንቺ» ነበር የሚሏት። እናታቸው ሲያሳድጓቸው የቀረ ነገር አለ።

«ከቁጥሩ ጋር ነው።»

«ቁጥር ይመልስልሻል?»

«ልክ ከሠራሁ ይመልሳል። ምስክሬ ያነብልዎታል። ላይኛው ነው የምንለው፤ ከአሥራ ሁለት ሜትር ላይ ከንፈር ያነባል።»

ዳይሬክተሩ ሳቁ። «ማንም ተነስቶ ከንፈር አነባለሁ ማለት ይችላል። እኛ ጋ ያለ ማረጋገጫ አይሠራም።»

«ልክ ብለዋል» አለች ማይክሮን። «እኛም ጋ መለኪያ ከመጠቀማችን በፊት በታወቀ ነገር ይፈተሻል። ምን እንዳሉ እርስዎ የሚያውቁትን፣ እሱ መስማት የማይችለውን ነገር ይናገሩና ይፈትኑት።»

ሐሳቡን ወደዱት። እንዲህ ያለ ሰው ወጥመድ ውስጥ የሚገባው ሌላውን ለማጥመድ ሲሮጥ ነው። መምህሩን አስከትለው ወደ ስብሰባው ክፍል ገቡ፣ የመስታወቱን በር ጠበቅ አድርገው ዘጉ፣ ፊታቸውን ወደ ላይኛው አዙረው አንድ ነገር ተናገሩ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዘንበል ብለው ሌላ ነገር ጨመሩ። ፈገግ አሉ። ተመለሱ።

«እሺ፣ ላይኛው» አሉ፤ ስሙን ከማይክሮን አፍ ሰምተው ነው። «ምን አልኩ?»

«መጀመሪያ ‹ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሁለት መቶ ሰባ ስድስት› አሉ።»

«እ... አዎ።»

«ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረው ‹ይቺን ሴትዮ ዛሬ ከለቀቅናት ነገ ሦስት መቶ ሰው ይሰለፍብናል። ሰውዬው አንድ ቃል ይሳት ብቻ፣ ውድቅ አድርገን ወደ ምሳችን እንሄዳለን› አሉ።»

የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ብቻ ይሰማል።

«ይሄ አይጻፍም!» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ማረጋገጫው ነው እኮ፣ ጌታዬ» አለች ጸሐፊዋ፣ ቀና ሳትል። «ማረጋገጫው ካልተጻፈ ምን ይጻፋል?»

«እሳቸውስ ምን መለሱ?» አለች ማይክሮን መምህሩን እያሳየች።

«እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር» አለ ላይኛው። «አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም።»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቪዲዮውን እንይ» አሉ። መልሳቸው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ከአሥራ አራተኛው ጥያቄ ጀመሩ። ላይኛው ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አላለም፤ ይልቁንም ወንበሩን ወደ ኋላ ጎተተ፤ ቅርብ ሲሆን አይመቸውም። ማይክሮን ምስሉ ውስጥ ወደ ላይ አየች።

«‹ትልቁ ጎማ በደቂቃ መቶ ሰማንያ ይዞራል› አለች» አለ ላይኛው። «‹ትንሹ ሲሶው ነው። ሲሶ ከሆነ ሦስት እጥፍ ይዞራል። ሦስት ስምንት ሃያ አራት፣ አራት ጽፌ ሁለት በእጄ፣ ሦስት አንድ ሦስት፣ አምስት። አምስት መቶ አርባ። ለ ነው።›»

መምህሩ በብዕራቸው ተከተሉ። «አምስት መቶ አርባ፣ ልክ ነው። መልሷም ለ ነው።»

«ወደ ላይ ለምን ታያለሽ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ሥራ ላይ ስሆን እሱ ላይ ነው ያለው» አለች ማይክሮን ላይኛውን እያሳየች። «ሸክም ከራሴ በላይ ሲያልፍ ካላየሁ አልኖርም። ሃያ ዓመት ነው። አሁን የትም ጣሪያ ሥር ብሆን ወደ ላይ አያለሁ።»

አሥራ አምስተኛው አለፈ፤ አሥራ ስድስተኛው አለፈ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ምስሉ ውስጥ ያለችው ማይክሮን ቆመች። ጨፈነች፣ ገለጠች፣ እንደገና ጨፈነች። ከንፈሯ ፈጠነ። ላይኛው ዓይኑን ከምስሉ አንስቶ ወደ እሷ አየ።

«አንብበው እንጂ» አለችው።

«ሁሉንም?»

«ልክ ያልሆነ ነገር እንዳትሰጣቸው። ሁሉንም።»

«እሺ። ‹የቧንቧው የውጭ ስፋት አርባ ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት ሦስት፤ የውስጡ ስፋት ስንት ነው ይላል። ሠላሳ አራት ነዋ። ሠላሳ አራት የታለ? ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት፣ አርባ ሦስት፣ አርባ ስድስት። የለም! አራቱም ስህተት ነው። አንዴ ብቻ ነው የቀነሰው። ቧንቧ እኮ በዚህም በዚያም ግድግዳ አለው፣ አንተ ሰው። ይሄን ያወጣው ሰው ቧንቧ በዓይኑ አይቶ ያውቃል? ውኃ የሚጠጣው በምንድን ነው?›»

ላይኛው መምህሩን ሰረቅ አድርጎ አየና ቀጠለ። «‹የሚፈልገው ሠላሳ ሰባትን ነው። አልሰጠውም። ልክ ያልሆነ ዕቃ አላስረክብም። ባዶውን ይሂድ።›»

መምህሩ ወረቀታቸውን አወጡ። አንድ ክብ ሣሉ፣ ውስጡ ሌላ ክብ ሣሉ። በአንድ በኩል ሦስት ጻፉ። ብዕራቸው በሌላው በኩል ሄዶ ቆመ። ጆሯቸው ቀላ።

«ስንት ሰው ነው ይህን ጥያቄ ልክ መለሰ የተባለው?» አሉ ቀስ ብለው።

ጸሐፊዋ አየች። «ሰባት መቶ አሥራ አንድ። ሠላሳ ሰባት ብለው።»

«ረዳት ያለው ሰው» አለች ማይክሮን፣ «ባዶ ይተዋል?»

ዳይሬክተሩ መልስ በሌለበት ቦታ ላይ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። «ሥርዓቱ ዘጠና አንድ በመቶ ነው ያለው። ሥርዓቱን ልንጠራጠር አንችልም» አሉ።

«መለኪያውን ማን ፈተሸው?»

«ከውጭ ነው የመጣው።»

«የእኔም ማይክሮሜትር ከውጭ ነው የመጣው። በየስድስት ወሩ አንድ የታወቀ ብረት መንጋጋው ላይ ይደረግና ይታያል። ከሳተ ይጣላል። የእርስዎ መለኪያ ካፖርት ሰው ነው ይላል፤ ሰውን ደግሞ ሌባ ነው ይላል። ከመግዛትዎ በፊት አንድ አልኮረጀም ብለው የሚያውቁት ሰው ፊቱ አስቀምጠው ነበር?»

አላስቀመጡም። አላሉትም እንጂ ሁሉም አወቀው፤ ጸሐፊዋም ጻፈችው።

መምህሩ ናቸው የፈረዱት፤ ይህን ላንሳላቸው። ተነሥተው «አልኮረጀችም። ውጤቷ ይጽደቅ። አሥራ ሰባተኛውንም ልክ ብላችሁ ያዙላት» አሉና ወጡ፤ ብዕራቸውን ረስተው። ዳይሬክተሩም ሰዓታቸውን አይተው ተስማሙ። ጸሐፊዋ ስሟን ከፍታ «ተጠርጣሪ» የሚለውን ልታነሳ ሞከረች። መነካካት ከጀመረች ሩብ ሰዓት አለፈ።

«አይነሳም» አለች በመጨረሻ።

«እንዴት አይነሳም?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«የሚያነሳው ቁልፍ የለም። ተጠርጣሪ ማድረጊያ አለ፤ መመለሻ አልተሠራለትም።»

እንግዲህ ሚሊዮን የወጣበት ነገር ይህ ነው። እኛ ጋ ወደፊት ብቻ የሚዞር፣ ወደ ኋላ የማይመለስ ቶርኖ የሠራ ሰው ቢኖር እዚያው ላይ እናስረው ነበር።

መፍትሔ ተብሎ የተገኘው ይህ ሆነ፦ ማይክሮን ትገባለች፤ መዝገቧ ላይ ግን እስክትመረቅ ድረስ «ተጠርጣሪ» የሚለው ይቀመጣል። ተጠርጣሪ ተማሪ ደግሞ በደንቡ መሠረት በካሜራ መፈተን አይፈቀድለትም። ማንኛውንም ፈተና ግቢ ውስጥ፣ በአዳራሽ፣ በወረቀት፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀው ይወስዳል። ይህን እንደ ቅጣት ነበር ያነበቡላት።

ማይክሮን ግራ ዓይኗን ጨፈነች። «ጠረጴዛና ወንበር አለው?»

«አለው።»

«ጸጥ ያለ ነው?»

«አዎ።»

«ተቀብያለሁ» አለች።

ደረጃው ላይ ጸሐፊዋ ተከትላ መጣች። «ዘንድሮ በማሽኑ የታገደው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ነው። ይግባኝ ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለቻት። ሌሎቹ ቅጹ ላይ ቆመው ቀርተዋል፤ አንዳንዱም «ጥፋቴን አምኜ» የሚለውን ተጭኗል፤ ማስረጃ የማይጠይቀው እሱ ብቻ ነዋ። በዓመቱ መጨረሻ ዳይሬክተሩ ለበላይ አካል ሪፖርት አቀረቡ፦ ከታገዱት መካከል ቅሬታ ያቀረበው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ሥርዓቱ 99.7 በመቶ ተቀባይነት አግኝቷል። አሁንም ተጨበጨበላቸው። ሦስት መቶ አሥራ አንዱ ሰዎች የት እንደገቡ የሚጠይቅ ሣጥን ሪፖርቱ ላይ የለም።

ማይክሮን አሁን ሁለተኛ ዓመት ናት። ፈተና ሲመጣ የክፍሏ ተማሪዎች ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ይራወጣሉ። አንዱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሩን ቆልፎ ይፈተናል፤ አንዷ የጎረቤት መኪና ውስጥ። አንድ የሆስፒታል ነርስ ልጇ በሩን ከፍቶ ስለገባ «ሁለተኛ ሰው ታይቷል» ተብላ ልትታገድ ለጥቂት ተርፋለች። ማይክሮን ግን ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ፣ ብቻዋን ትቀመጣለች። የሚጠብቃት ሰው ጋዜጣ ያነባል። ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ጣሪያውን ታያለች፤ ማንም ምን ሆንሽ አይላትም።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ነርስ ወርክሾፑ ድረስ መጣች። ማሽኖቹ ሁሉ ተነሥተዋል፤ መጭመቂያው ወለሉን ያዘልላል። በሩ ላይ ቆማ ትጮሃለች፣ ማይክሮን እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ራሷን ትነቀንቃለች። ነርሷ ደከማትና ድምፁን ትታ በአፏ ብቻ ቀረጸችው። ላይኛው ከሳጥኑ ሆኖ አየና ለሁላችንም አስተላለፈ።

«እህቴ፣ ተጠርጣሪ ለመሆን ምን ላድርግ?» ነው ያለችው።

ማይክሮን ቶርኖውን አላቆመችም። ግራ ዓይኗን ጨፍና የተጨፈነውን በጣቷ አሳየቻት።